ኮምፒውተርዎ አርጅቷል? በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ

ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ ብዙዎቻችን የምናደርገው አንድ ነው። ተሸክመን ጥገና ቤት እንወስድና «ፎርማት ይደረግልኝ» እንላለን። ፎርማት ይደረጋል፤ ለጥቂት ሳምንታት ይሻለዋል፤ ከዚያ ወደነበረበት ይመለሳል። በመሀል የልጆች ፎቶ፣ ስካን የተደረገ የትምህርት ማስረጃና የዓመታት ጽሑፍ አብሮ ጠፍቷል። ማሽኑ በምን ምክንያት እንደተንቀራፈፈ ግን ማንም አላየም።

ይህ መመሪያ ስምንት፣ አሥር፣ ከዚያም በላይ ዓመት ያስቆጠረ ላፕቶፕ ወይም ዴስክቶፕ ቤቱ ላለ ሰው ነው። አገልግሎ ከዱባይ የገባው፣ ዘመድ ከአሜሪካ የላከው፣ መሥሪያ ቤት በጨረታ ያስወገደው ሁሉ ይገባበታል። እንዲህ ያለ ማሽን ለጽሑፍ፣ ለሒሳብ፣ ለቴሌግራም፣ ለኢንተርኔትና ለልጆች ትምህርት ገና ዓመታት ሊያገለግል ይችላል። ለከባድ የቪዲዮ ቅንብርና ለአዳዲስ ጌሞች ግን አይሆንም፤ የሚፈልጉት እሱን ከሆነ ገንዘብዎን ለሌላ ማሽን ቢያጠራቅሙ ይሻላል።

ከመጀመርዎ በፊት አንድ ጤነኛ ፍላሽ (8 ጊጋባይት ወይም ከዚያ በላይ)፣ ከተቻለ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ፣ አነስተኛ ባለመስቀል ካቻቢቴ፣ ለስላሳ ብሩሽ ያዘጋጁ። መብራት በሚመላለስበት ቀን አይጀምሩ።

1. መጀመሪያ ፋይልዎን ያውጡ

ሃርድ ዲስክ በውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለው፤ ያረጃል፣ ይደክማል፣ ብዙ ጊዜም ሳያስጠነቅቅ ይሞታል። ስለዚህ ከማጽዳትም፣ ከመፍታትም፣ አዲስ ነገር ከመጫንም በፊት የሚቀድመው ፋይል ማውጣት ነው። ይህን ለነገ ካሉት ኋላ ድስት ጥዶ ማልቀስ ይሆናል።

ፋይል የሚገኘው «ዶክመንትስ» ውስጥ ብቻ አይደለም። ዴስክቶፑን፣ ዳውንሎድስን፣ በዳውንሎድስ ውስጥ ያለውን «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚባል ፎልደር፣ ዲ ድራይቭ ካለ እሱንም ይመልከቱ። ብራውዘሩ ላይ የተቀመጡ የይለፍ ቃሎችን በወረቀትም ቢሆን ይመዝግቡ። ሒሳብ በፒችትሪ የምትሠሩ ደግሞ ዴስክቶፕ ላይ ያለችውን ምልክት ወደ ፍላሽ ገልብጣችሁ «ያዝኩት» እንዳትሉ፤ እሷ አቋራጭ መንገድ እንጂ ዳታ አይደለችም። ፕሮግራሙን ከፍተው «ፋይል» ከሚለው ዝርዝር ውስጥ «ባክአፕ» የሚለውን ይጠቀሙ።

ቢያንስ ሁለት ቅጂ ይኑርዎት፤ አንደኛው ከቤት ውጭ፣ እኅትዎ ወይም ወንድምዎ ጋ ይቀመጥ። ፍላሽ ብቻውን አይታመንም። ገበያ ላይ 128 ጊጋባይት ተብሎ የተጻፈበት ነገር ግን በውስጡ ከዚያ እጅግ ያነሰ ቦታ ያለው ፍላሽ አለ፤ ሲገለብጡበት የተቀበለ ይመስላል፣ በኋላ ፋይሉ አይከፈትም። አዲስ ፍላሽ ሲገዙ «ኤችቱ ቴስት ደብሊው» በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ትክክለኛ መጠኑን ይፈትሹ። ኢንተርኔት ካለዎት ደግሞ ቴሌግራም «ሴቭድ ሜሴጅስ» ላይ እያንዳንዱ እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል በነፃ ማስቀመጥ ይቻላል። መታወቂያና የባንክ ሰነድ ግን እዚያ ባይገባ እመርጣለሁ።

ገልብጠው ሲጨርሱ ቅጂውን በሌላ ኮምፒውተር ላይ ይክፈቱት። ከየፎልደሩ ሁለት ሦስት ፋይል ተከፍቶ ካልታየ ተገልብጧል ማለት አይቻልም።

ፍላሹ ላይ ፎልደሮች በሙሉ ጠፍተው በምትካቸው የአቋራጭ ምልክት ብቻ ካዩ ማሽኑ ቫይረስ አለበት። ምልክቶቹን አይጫኑ፤ ሲጫኑ ነው የሚተላለፈው። ፍላሹን ፎርማት ለማድረግም አይቸኩሉ። ፋይሉ አብዛኛውን ጊዜ አልጠፋም፤ የተደበቀ የሲስተም ፋይል እንዲመስል ተደርጓል እንጂ። «ሂድን አይተምስ» የሚለውን ማብራት ብቻ አያሳየውም፤ «ፎልደር ኦፕሽንስ» ውስጥ ገብተው የተጠበቁ የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውን ምልክት ማንሳት አለብዎት። ደረጃ 9 ላይ ከዚህ የሚቀል መንገድ አለ።

2. የቆዩ የአማርኛ ጽሑፎችዎን ይለዩ

ይህ ደረጃ ሌላ አገር በሚጻፉ መመሪያዎች ውስጥ የለም፤ እኛ ዘንድ ግን ብዙ ሰው ጽሑፉን ያጣው በዚህ ነው። በፓወር ግዕዝ፣ በቪዥዋል ግዕዝና በመሳሰሉት የቆዩ ፕሮግራሞች የተጻፈ ብዙ ጽሑፍ ዩኒኮድ (የዛሬ ኮምፒውተሮች የጋራ የፊደል ሥርዓት) አይደለም። ኮምፒውተሩ ውስጥ የተቀመጠው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ነው፤ አማርኛ ሆኖ የሚታየው ፎንቱ በላዩ ላይ የኛን ፊደል ስለሚስል ነው። ያ ፎንት በሌለበት ማሽን ላይ ያው ጽሑፍ ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ይሆናል። ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን ፎንቱ አብሮ ይጠፋል፤ ከዚያ የአባትዎ የሕይወት ታሪክም ሆነ የዕድሩ መተዳደሪያ ደንብ ማንበብ የማይቻል ይሆናል።

መፈተኛው ቀላል ነው። ሰነዱን በወርድ ከፍተው ጥቂት ቃላት ይምረጡና ፎንቱን ወደ «ኒያላ» ወይም «ኢብሪማ» ይቀይሩ። አማርኛው አማርኛ ሆኖ ከቀረ ዩኒኮድ ነው፤ አያስቡ። ወደ እንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ከተለወጠ ግን የቆየው ዓይነት ነው፤ የቀየሩትን ሳያስቀምጡ ይዝጉትና ሁለት ነገር ያድርጉ። አንደኛ፣ በዊንዶውስ ውስጥ ካለው «ፎንትስ» ፎልደር ሰነዱ የሚጠቀምባቸውን ፎንቶች ወደ መጠባበቂያ ቅጂዎ ይገልብጡ። ሁለተኛ፣ አሮጌው ማሽን በትክክል እያሳየው ሳለ እያንዳንዱን ጠቃሚ ሰነድ በፒዲኤፍ ያስቀምጡ። ፒዲኤፍ አብዛኛውን ጊዜ ፎንቱን በውስጡ ይዞ ስለሚሄድ የትም ቢከፈት ይነበባል። ቢሆንም በስልክዎ ላይ ከፍተው ያረጋግጡ።

ጽሑፉን ወደፊት ማረም የሚፈልጉ ከሆነ ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች አሉ። ውጤቱን ግን ከዋናው ጋር ቁጭ ብለው ያስተያዩ፤ አንዳንድ ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ ይሳሳታል። ዋናውን ፋይል በምንም ምክንያት አይደምስሱ። ከእንግዲህ የሚጽፉትን ደግሞ በዩኒኮድ ብቻ ይጻፉ፤ ዊንዶውስ ራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፣ «ኪማን» የሚባለው ነፃ ፕሮግራምም በዊንዶውስም በሊኑክስም ይሠራል።

3. የሚያንቀራፍፈውን ያግኙ

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ሲጫኑ «ታስክ ማናጀር» ይከፈታል። «ሞር ዲቴይልስ» የሚል ካለ ይጫኑና «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ገጽ ይዩ። ማሽኑ ከተከፈተ በኋላ አሥር ደቂቃ ያህል ይታገሡ፤ ምንም ፕሮግራም አይክፈቱ። (ዊንዶውስ 7 የዲስኩን ሁኔታ የሚያሳየው በዚሁ ገጽ ላይ ባለው «ሪሶርስ ሞኒተር» ውስጥ ነው።)

ዲስኩ ያለ ሥራ 100 በመቶ ላይ ከቆመ ችግሩ ዲስኩ ነው፤ በአሮጌ ማሽን ላይ ከሁሉ የሚበዛው ይህ ነው። ብራውዘርና ወርድ ሲከፍቱ ራሙ ከ85 በመቶ በላይ ከሄደ ችግሩ ራም ነው። ፕሮሰሰሩ ያለ ምክንያት ከፍ ብሎ ከቆየ አንድም ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም አለ፣ አንድም ቫይረስ አለ። ሲከፈት ደኅና ሆኖ ከሩብ ሰዓት በኋላ የሚደክም ከሆነ ደግሞ ሙቀት ነው፤ ፕሮሰሰር ሲግል ራሱን ላለማቃጠል ፍጥነቱን ይቀንሳልና።

ቀጥሎ «ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ» የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም አውርደው የዲስኩን ጤና ያንብቡ። ሰማያዊ ከሆነ ደኅና ነው፤ ቢጫ ከሆነ መበላሸት ጀምሯል፤ ቀይ ከሆነ ዛሬውኑ ፋይልዎን ያውጡና ማሽኑን ያጥፉት። ቢጫ ወይም ቀይ ዲስክ ላይ ፎርማት ማድረግ፣ ዲፍራግመንት ማድረግ፣ ዊንዶውስ እንደገና መጫን ትርፉ ድካም ነው። ጥገና ቤት ቢሄዱም ይህችን መስኮት በስልክዎ ፎቶ አንስተው ይዘው ይሂዱ፤ ከባለሙያው ጋር የሚያወሩት ነገር ይኖራል።

4. አቧራውን ያራግፉ

ማሽኑን ያጥፉ፣ ገመዱን ይንቀሉ፣ የላፕቶፕ ባትሪ የሚወጣ ከሆነ ያውጡት። የዴስክቶፑን ጎን ከፍተው አቧራውን በለስላሳ ብሩሽና በአየር መንፊያ ያውጡ። ሲነፉ ፋኑን በጣትዎ ይያዙት፤ በኃይል እየተሽከረከረ ሊበላሽ ይችላል። የምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን አይጠቀሙ፤ የሚፈጥረው ስታቲክ ኤሌክትሪክ ስስ ክፍሎችን ይጎዳል። እርጥብ ጨርቅም አያስገቡ።

ፋኑ ንጹሕ ሆኖ ማሽኑ አሁንም ከጋለ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ቴርማል ፔስት ደርቋል። ላፕቶፕ ላይ ይህን መቀየር ብዙ መፍታት ስላለበት ለባለሙያ ይተዉት፤ ክፍያው ትልቅ አይደለም። ላፕቶፕ በአልጋና በብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ መሥራት የአየር መግቢያውን ይዘጋል።

የላፕቶፑ ባትሪ አብጦ የመዳፊት ሰሌዳውን ወይም ኪቦርዱን ወደ ላይ ከገፋ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቻርጅ አያድርጉት። አይብሱት፣ አይጫኑት፤ እሳት ያስነሳል። ባትሪው ወጥቶ በቻርጀር ብቻ የሚሠራ ላፕቶፕ ብዙ ነው።

5. ከመብራቱ ይጠብቁት

መብራት ድንገት ሲሄድ የሚጎዳው እየተጻፈ ያለው ፋይል ነው፤ ሲመጣ ግን ማሽኑ ራሱ ሊጎዳ ይችላል፤ አመጣጡ ከመደበኛው ቮልቴጅ ከፍ ብሎ ስለሚሆን። መብራት እንደሄደ ገመዱን ይንቀሉና ከተመለሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ይሰኩ። ለዴስክቶፕ አነስተኛ ዩፒኤስ ካገኙ ጥሩ ነው፤ ዓላማው ሥራ መቀጠል ሳይሆን አስቀምጦ ለመዝጋት ፋታ ማግኘት ነው። ስታብላይዘር ቮልቴጁን ያስተካክላል እንጂ መብራት ሲጠፋ አያቆይም፤ ሁለቱን አያምታቱ።

የእንጀራ ምጣድ፣ ምድጃ ወይም ካውያ በተሰካበት ዲቫይደር ላይ ኮምፒውተር አይሰኩ። ከአሜሪካ የመጣ ዴስክቶፕ ከሆነ ደግሞ ከመሰካትዎ በፊት ከኋላ በፓወር ሳፕላዩ ላይ ትንሽ ቀይ ማብሪያ ይፈልጉ። 115 ላይ ከሆነ ወደ 230 ይቀይሩት፤ እንዳለ እኛ አገር 220 ቮልት ላይ ከተሰካ አንድ ጊዜ ጯ ብሎ ያበቃል። የላፕቶፕ ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 240 ይላል፤ ቢሆንም ጽሑፉን ያንብቡ።

ባትሪ በሌለው ማሽን ወርድ የሚጠቀሙ ሰዎች አንድ ነገር ይቀይሩ። ወርድ በራሱ የሚያስቀምጠው በየ10 ደቂቃው ነው፤ «ኦፕሽንስ» ውስጥ «ሴቭ» በሚለው ገጽ ወደ 1 ወይም 2 ደቂቃ ያውርዱት።

6. ሰዓቱን ያስተካክሉ

ትንሽ ነገር ናት፤ ግን ብዙ ሰው «ኢንተርኔቱ አልሠራም» ብሎ የሚቸገርባት ናት። በማዘርቦርዱ ላይ ሲአር2032 የምትባል ሳንቲም የምታህል ባትሪ አለች። ስታልቅ ማሽኑ በተነቀለ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ድሮ ዓመት ይመለሳል፤ ድረ ገጾች ደግሞ የደኅንነት ማረጋገጫቸውን የሚያመሳክሩት ከቀኑ ጋር ስለሆነ አንከፈትም ይላሉ። ባትሪዋን ይቀይሩ፤ ዊንዶውስ ላይ የሰዓት ክልሉን «ናይሮቢ» ያድርጉ፤ ከኛ ጋር አንድ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ የኛን ዓመተ ምሕረት የሚያስገቡም አሉ። አገር መውደድ ነው፤ ማሽኑ ግን ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የተመለሰ ስለሚመስለው ጉግልን እንኳ አይከፍትልዎትም።

7. ገንዘብ ካለ፣ መጀመሪያ ለኤስኤስዲ

ለአሮጌ ኮምፒውተር ከሚደረግ ወጪ ሁሉ የሚክሰው አሮጌውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ መቀየር ነው። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ የተበታተኑ ትናንሽ ፋይሎችን ለማንበብ ሳህን እስኪዞር አይጠብቅም። ዊንዶውስ ሲነሳ የሚያደርገው ይህንኑ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ፋይሎችን ማንበብ ነው። ስለዚህ ለውጡ ማሽኑ እንደተከፈተ ይታያል። 240 ጊጋባይት ለአብዛኛው ቤት ይበቃል።

የአሮጌ ላፕቶፕ ልክ 2.5 ኢንች ሳታ የሚባለው ነው። ሻጩ ረጅምና ጠባብ የሆነውን ኤም.2 ቢሰጥዎ ቦታው ላይኖር ይችላል፤ ስለዚህ አሮጌውን ዲስክ አውጥተው ይዘው ቢሄዱ ይሻላል። የማይታወቅ ስም ይዞ ብዙ ቴራባይት የሚል ርካሽ ኤስኤስዲ ካዩ ስለ ፍላሹ የተባለውን ያስታውሱ። ዲስኩ ጤነኛ ከነበረ ሁሉን እንዳለ ወደ አዲሱ መገልበጥ ይቻላል፤ ለዓመታት የተከማቸ ቆሻሻና ቫይረስ ካለበት ግን እንደ አዲስ መጫኑን እመርጣለሁ። ኤስኤስዲን ዲፍራግመንት አያድርጉ፤ ዕድሜውን ከመቀነስ በቀር አይጠቅመውም። የወጣው ሃርድ ዲስክ ሰማያዊ ከነበረ በርካሽ የዩኤስቢ ቤት ገብቶ መጠባበቂያ ይሆንልዎታል።

ሁለተኛው ራም ነው። 4 ጊጋባይት ያለውን ወደ 8 ማሳደግ ብራውዘር ለሚያበዛ ሰው ይታወቃል። ዲዲአር3 እና ዲዲአር4 አይገጣጠሙም፤ በኃይል ለመክተት አይሞክሩ። በላፕቶፕ ላይ ደግሞ ተራው ዲዲአር3 በ1.5 ቮልት፣ «ኤል» የተጨመረበት በ1.35 ቮልት ይሠራል፤ የቀድሞውን ራም ጽሑፍ አይተው ያንኑ ይግዙ። የተጫነው ዊንዶውስ ባለ 32 ቢት ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ አይጠቀምም፤ ራሙን ብቻ ጨምሮ ለውጥ መጠበቅ ከንቱ ነው።

የቪዲዮ ካርድ መጨመርና ፕሮሰሰር መቀየር ላይ ገንዘብ አያውጡ።

8. የተጫነውን ያቅልሉ

ታስክ ማናጀር ውስጥ «ስታርትአፕ» የሚለውን ገጽ ከፍተው ማሽኑ ሲነሳ አብረው የሚነሱትን የማይፈልጓቸውን ያጥፉ። ሁለት አንቲቫይረስ ካለዎት አንዱን ያንሱ፤ እርስ በርስ እየተጠባበቁ ማሽኑን ይጨርሱታል። ዊንዶውስ 10 ላይ ዲፌንደር ብቻውን ይበቃል። «ቡስተር»፣ «ክሊነር»፣ «ድራይቨር አፕዴተር» የሚባሉትን ያራግፉ፤ እናፈጥናለን ይላሉ እንጂ ራሳቸው ሸክም ናቸው። ከዲስኩ አንድ አምስተኛው ያህል ባዶ ይሁን።

ክራክ የተደረገ ኦፊስና «አክቲቬተር» ላይ ሐሳቤን ልናገር። አክቲቬተሩን ለመጫን አንቲቫይረሱን አጥፋ ይልዎታል፤ ያኔ ለማን በሩን እንደከፈቱ አያውቁም። ሊብሬ ኦፊስ በነፃ ይገኛል፣ የወርድና የኤክሴል ፋይሎችን ይከፍታል፣ አማርኛም ይጽፋል። የገጽ አቀማመጥ ሊዛነፍ ስለሚችል ለመሥሪያ ቤት የሚልኩትን በፒዲኤፍ ይላኩ።

ብራውዘር ላይ ፋየርፎክስን ዩብሎክ ኦሪጅን ከሚባለው የማስታወቂያ መከላከያ ጋር ይጠቀሙ፤ ራምም ዳታም ይቆጥባል። ዩቲዩብ ሲከፈት ፋኑ የሚጮህ ከሆነ ምክንያቱ ዩቲዩብ የሚልካቸውን አዳዲስ የቪዲዮ ቅርጾች አሮጌው ፕሮሰሰር ያለ እገዛ መፍታት ስላለበት ነው። ጥራቱን ወደ 480 ያውርዱ፤ «ኤች264ፋይ» የምትባለው ተጨማሪም የቀድሞውን ቅርጽ እንዲልክ ታስገድደዋለች። ቴሌግራም ላይ በራሱ የሚያወርደውን ያጥፉ።

ኢንተርኔቱ ከስልክዎ ሆትስፖት የሚመጣ ከሆነ የዋይፋዩ ቅንብር ውስጥ «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን ያብሩ። ዊንዶውስ የገዙትን ጥቅል በአፕዴት እንዳይጨርስ ያግዳል። ነገር ግን አፕዴት ፈጽሞ ይቅር ማለት አይደለም፤ በወር አንድ ቀን ያልተገደበ ዋይፋይ ያለበት ወስደው ያድርጉለት።

9. ዊንዶውሱን ይወስኑ

ዊንዶውስ 7 እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ የደኅንነት ማሻሻያ አያገኝም፤ ክሮምም በ2023 ከቁጥር 109 በኋላ ትቶታል። ዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። ይህ ማለት ማሽኑ መሥራት ያቆማል ማለት አይደለም፤ አዲስ የሚገኝ ቀዳዳ አይደፈንለትም ማለት ነው። የባንክ ሒሳብዎን በእሱ የሚከፍቱ ከሆነ ግድ ይልዎታል።

መንገዱ ሦስት ነው። አንደኛው፣ ማይክሮሶፍት ለቤት ተጠቃሚዎች ያዘጋጀው የአንድ ዓመት ማራዘሚያ እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 ይሄዳል። ዊንዶውስ 10 ቁጥር 22ኤች2 እና የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቃል፤ የማሽኑን ቅንብር ከአካውንቱ ጋር ካመሳሰሉ ክፍያ የለውም፣ ካልሆነ 30 ዶላር ነው። ጊዜ መግዣ እንጂ መፍትሔ አይደለም።

ሁለተኛው ዊንዶውስ 11 ነው። ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደኅንነት ክፍልና በኢንቴል በኩል ስምንተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። ትውልዱን ከስሙ ያነቡታል፤ አይ5-4300 አራተኛ፣ አይ5-8250 ስምንተኛ ነው። ከዚያ በታች ባለ ማሽን ላይ ቅድመ ሁኔታውን ዘልሎ የሚጭን ባለሙያ አያጡም፤ ማይክሮሶፍት ግን ለእንዲህ ያለው ማሽን ማሻሻያ ለመላክ ዋስትና አይሰጥም፣ 4 ጊጋባይት ራም ላይም ይከብዳል።

ሦስተኛው ሊኑክስ ነው፤ ከስምንተኛ ትውልድ በታች ለሆነና ለተራ የቤት ሥራ ለሚያገለግል ማሽን የምመክረው እሱን ነው። ለጀማሪ ሊኑክስ ሚንት ይቀላል፤ ቀለል ያለው «ኤክስኤፍሲኢ» የሚባለው ዓይነት በ2 ጊጋባይት ራም ይነሳል፣ በ4 ጊጋባይት በደንብ ይሠራል። ባለ 64 ቢት ፕሮሰሰር ይፈልጋል። ቁጥር 22 እስከ እ.ኤ.አ. 2029 ድረስ ማሻሻያ ያገኛል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፋይሉን ከሊኑክስ ሚንት ድረ ገጽ ያውርዱ፤ ወደ 3 ጊጋባይት ይጠጋል፣ ስለዚህ ዋይፋይ ያለበት ይሂዱ። «ሩፎስ» በሚባለው ፕሮግራም ወደ ፍላሽ ይጻፉት፤ ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። ማሽኑን አጥፍተው ሲያበሩ ዴልና ሌኖቮ ላይ ኤፍ12ን፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ9ን እየደጋገሙ ይጫኑና ከፍላሹ እንዲነሳ ይምረጡ። አሁን ሊኑክስ ዲስኩን ሳይነካ ከፍላሹ ላይ እየሠራ ነው። እዚህ ላይ አይቸኩሉ። ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ካሜራውን፣ ፕሪንተሩን አንድ በአንድ ይሞክሩ። ዋይፋዩ ካልተገኘ ስልክዎን በዩኤስቢ ገመድ አያይዘው «ቴዘሪንግ» ያብሩ፤ የጎደለውን ድራይቨር በዚያ ያወርዳል። ደረጃ 1 ላይ የተባለው የተደበቀ ፋይልም እዚህ ያለ ምንም ማስተካከያ ይታያል፤ የዊንዶውሱ ቫይረስም እዚህ አይነሳም። ዊንዶውሱ መነሳት እምቢ ያለ ማሽን ላይ እንኳ ፋይል በዚህ መንገድ ይወጣል።

ሁሉ ከሠራ በኋላ «ኢንስቶል» ይበሉ። ሲጠይቅ «ኢሬዝ ዲስክ» የሚለው ሁሉን ይደመስሳል፤ «አሎንግሳይድ» የሚለው ዊንዶውሱን ሳይነካ ጎን ለጎን ይጭናል። የመጀመሪያ ጊዜዎ ከሆነ ሁለተኛውን ይምረጡና ሲለምዱት ይወስናሉ። ለአማርኛ ኪማንንና «አቢሲኒካ ኤስአይኤል» የሚባለውን ፎንት ይጫኑ፤ ከደረጃ 2 የያዟቸውን የድሮ ፎንቶችም እዚያው ያስገቡ።

ሊኑክስ የማይሆነው ለማን ነው? ፒችትሪ፣ ኦቶካድ ወይም ፎቶሾፕ እንጀራው ለሆነ ሰው። እንዲህ ከሆነ ዊንዶውሱን ይዘው ይቆዩ፤ ፒችትሪ ብቻ የሚሠራበት ዊንዶውስ 7 ከሆነ ከኢንተርኔት ይለዩት፣ ዳታውን በየሳምንቱ ያውጡ፣ ቫይረስ ባለበት ፍላሽ አይንኩት።

10. ማቆሚያውን ይወቁ

ፕሮሰሰሩ ባለ 32 ቢት ብቻ ከሆነ፣ ራሙ ከ2 ጊጋባይት ማለፍ ካልቻለ፣ ማዘርቦርዱ ከተቃጠለ፣ ወይም የስክሪኑና የማዘርቦርዱ ጥገና ተደምሮ ካገለገለ ላፕቶፕ ዋጋ ከተጠጋ ያቁሙ። ምትክ ሲገዙ ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ይጠይቁ። ሱቁ ውስጥ እንዳሉ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎን አስከፍተው ዲስኩ ስንት ሰዓት እንደሠራ ይዩ፣ እያንዳንዱን ቁልፍ ይጫኑ፣ ቻርጀሩን ነቅለው ባትሪው ሩብ ሰዓት መቆየቱን ይመልከቱ። ባዮስ ውስጥ ሲገባ የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ከሆነ አይግዙት።

አሮጌውን ሲሸጡ ወይም ለሰው ሲሰጡ ዲስኩን አውጥተው ያስቀሩ። ተራ ፎርማት የተደረገ ሃርድ ዲስክ ላይ የነበረ ፎቶ በነፃ ፕሮግራም ተመልሶ ይወጣል። ዲስኩን አብረው መስጠት ግድ ከሆነ ከላይ በተባለው የሊኑክስ ፍላሽ አስነሥተው «ዲስክስ» የሚለውን ፕሮግራም ይክፈቱ፤ ሃርድ ዲስኩን ይምረጡና ፎርማት ሲያደርጉ በዜሮ ከላይ እንዲጽፍበት የሚያዘውን ይምረጡ። ብዙ ሰዓት ይወስዳል፤ ማታ አስጀምረው ይተኙ። ፍላሹን አለመምረጥዎን ግን ሁለት ጊዜ ያረጋግጡ።